ጥርሷ ውስጥ የገባው ሰው

እኔ ስናደድ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። በር እጠረቅማለሁ፣ ድስት አንኳኳለሁ፣ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ እናገራለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ረስቼው ሻይ አፈላለሁ። ታላቅ እህቴ ግን ስትናደድ አብሯት የሚበላ ሰው እንኳን አያውቅባትም። ዝም ብላ ትበላለች፣ ዝም ብላ ሳህኗን ታጥባለች፣ "ደህና እደሪ" ብላኝ ትተኛለች። ነገሩ ግን ጥርሷ ውስጥ ገብቷል። አንዴ ጥርሷ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ፣ እውነቴን ነው፣ እዚያው ያረጃል እንጂ አይወጣም።

እትዬ ነው የምላት። ልጆች ሆነን ሌላው ብይና አሻንጉሊት ሲሰበስብ እሷ ጥርስ ትሰበስብ ነበር። ኧረ ውሸቴን አይደለም! የኔን የወተት ጥርስ፣ የጎረቤት ልጆችን የወተት ጥርስ፣ አርጅታ የሞተችውን የድመታችንን ክራንቻ ሳይቀር ክብሪት ቤት ውስጥ ጥጥ አንጥፋ ታስቀምጣለች። እናታችን "ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የተወለደችብኝ?" እያለች ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ ዓይኗን በሻሽ አስርና አንዱን ጥርስ መዳፏ ላይ አስቀምጬ "የማን ነው?" እላታለሁ። በጣቷ ዳብሳ ዳብሳ ስም ትጠራለች። ብዙ ጊዜ ታገኘዋለች። ስትስት ደግሞ ከኔ ጋር ታኮርፋለች፣ ጥርሱን የለወጥኩባት ይመስል።

ዞሮ ዞሮ የሁለታችንም መተዳደሪያ ጥርስ ሆነ። እሷ ተምራ ተምራ ሙዚየም ገባች፤ ከመሬት የሚወጣውን የጥንት አያቶቻችንን ጥርስ እያጸዳች፣ እየለካች፣ ይሄ ከዚህኛው ዘር ነው፣ ያ ከዚያኛው ነው እያለች የምትለይ ባለሙያ ሆነች። እኔ ሰው ሰራሽ ጥርስ መሥራት ተማርኩና አንድ ክሊኒክ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀሶ ሳቦካ እውላለሁ። እሷ የሞቱትን፣ እኔ በቁማቸው ጥርሳቸው ያለቀባቸውን ተካፈልን ማለት ነው። ከወላጆቻችን በቀረችልን ቤት አብረን እንኖራለን። እኔ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ እሷ ለዚያ ጊዜም አልነበራትም።

ማታ ገበታ ላይ ሌላ ወሬ የለንም። "አጥንት ይበሰብሳል፣ አውሬ ይቆረጥመዋል፣ ጎርፍ ይፈጨዋል" ትለኛለች። "ጥርስ ግን ከአካላችን ሁሉ ጠንካራው ስለሆነ ይቀራል። ያ ፍጡር ከነጭራሹ ጠፍቶ አንዲት የመንጋጋ ጥርስ ብቻ ትተርፈዋለች። እሷን በደንብ ካየሻት ምን ይበላ እንደነበር፣ በስንት ዓመቱ ገደማ እንደሞተ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመድ ትደርሺበታለሽ።" ከዚያ በዳቦ ፍርፋሪ የመንጋጋ ጥርስ ሠርታ፣ የሚያኝከው ፊት ላይ ያሉትን ጉብታዎች፣ በመካከላቸው ያሉትን ቦዮች፣ ጥርሱን የሚሸፍነውን የጠንካራውን ልባስ ውፍረት ታስረዳኛለች። አንዱ ዘር ከሌላው የሚለየው በነዚህ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ "መንጋጋ" የሚል ቅጽል አውጥተውላት ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ትቀየም ነበር፤ እሷን ደስ ይላታል።

የጥርስ ክፍሉ ኃላፊ "ሳቂታው" ይባላል። ከእህቴ ጋር አብረው ነው የተማሩት። ሳቂታው ማለት፣ ምን ልበላችሁ፣ ጥርሱን ሳያሳይ "እንዴት ዋላችሁ" የማይል፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም ለሚኒስትሩም እኩል የሚገለፍጥ አፈ ቅቤ ነው። ቤታችንም መጥቶ ያውቃል። የሠራሁትን በልቶ "እጅሽ ይባረክ" ብሎኛል። ያበላሁት ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ዓመት፣ ድንጋይ የተጋገረበት አንድ የመንጋጋ ጥርስ ከመስክ መጣ። ሥሩ ጠፍቶ ከድድ በላይ ያለው አክሊሉ ብቻ የቀረ፣ ጠቆር ያለ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። እትዬ ድንጋዩን በመርፌ እየፈለፈለች ስታጸዳው ከረመች። አንድ ቀን ወደ ቤት ስትገባ ፊቷ ሌላ ሆኖብኝ "ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ሚጣ" አለችኝ፤ ሽበት አውጥቼም ሚጣ ነው የምትለኝ። "ከኋላው ጥግ አንድ ጉብታ አለው። ከምናውቃቸው ዘሮች በአንዱም ላይ እንዲህ ያለ አልታየም። የልባሱም ውፍረት የነሱ አይደለም። ይሄ ሌላ ዘር ነው። እኛ የማናውቀው ሌላ አያት ነበረን።"

እራቱ ፊቷ ቀርቦ፣ በማንኪያው ጫፍ ጉብታውን ገበታው ላይ እየሳለች ታሳየኝ ጀመር። 

ሳቂታው አልተቀበላትም። "የአንድ ጥርስ አመል ነው፤ ከሚታወቀው ዘር ጋር መድቢው" አላት፣ እየሳቀ። ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ የጥርሱ ቅጂ ይሠራና ሌሎች ባለሙያዎችም ይዩት ተባለ። እስከዚያ ድረስ ጥርሱ ጸድቶ ያዩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ቅጂው ሳይሠራ፣ አንድ ጠዋት መሳቢያው ሲከፈት ጥርሱ ተሰብሮ ተገኘ። የጎደለው ደግሞ ሌላ አይደለም፣ ያ የኋላው ጥግ፣ ያ ጉብታ ነው! ወለሉን ጠርገው፣ ቆሻሻውን በወንፊት ነፍተው ቢፈልጉ ስባሪውን ውሃ በላው።

የመሳቢያው ቁልፍ ሁለት ነበር፤ አንዱ በእህቴ፣ አንዱ በሳቂታው እጅ። ስብሰባ ተጠራ። እሱም ተነስቶ፣ በዚያች ሰዓት እንኳን ፈገግታውን ሳይጥል፣ "እኔ እህታችንን አልከስም። ሰው ናት፣ እጇ ስቶ ይሆናል" አለ። ቀጠለና ደግሞ፣ "ግን ጉብታው ቀድሞም ባይኖርስ? ቅጂው ሲሠራ መታወቁ አይቀርም ነበር" አለ። ገባችሁ? ሰበረች ብቻ አይደለም፤ ውሸቷ እንዳይወጣባት ሆን ብላ ሰበረች ነው የሚለው! ጸድቶ ሳለ የሳለችውን ስዕል አውጥታ አሳየች። ሰባሪ የሳለችውን ማን ይመን? ቁልፏን ተቀበሏትና ታች አዳራሽ ለትምህርት ቤት ልጆች አስጎብኚ አደረጓት። ጥርሱም ሳቂታው ባለው ዘር ስር ተመደበ።

"መንጋጋ" መባሏ ቀረ። "ሰባሪዋ" ሆነች። አዳራሹ ውስጥ የጀሶ መንጋጋዎች ከጥንቱ እስከ ዛሬው ሰው በመደዳ ተደርድረዋል፤ የዚያ የተሰበረ ጥርስ ቅጂም አብሮ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ልጆቹ በመጡ ቁጥር አንዱ ይጠይቃል፦ "ማን ሰበረው?" እህቴ በየቀኑ ያን ጥያቄ ስትመልስ ኖረች። "አይታወቅም" ትላቸዋለች።

የኔን ነገር አትጠይቁኝ፣ ደሜ ፈልቶ ነበር። ሙዚየሙ በር ላይ ሄጄ ላዋርደው ጫማዬን አድርጌ ስነሳ እትዬ በሩን ይዛ ቆመች።

"ቁጭ በይ።"

"እምቢ! እንዲህ አድርጎሽ እየገለፈጠ ሊኖር ነው?"

"ሄደሽ ምን ልትዪ ነው? በምን ማስረጃ? አንቺን እብድ ይሉሻል፣ እኔን ደግሞ እህቷን ልካ ታሰድባለች ይሉኛል።"

"እና ዝም ልትዪ ነው?"

"ዝም አላልኩም፤ ጥርሴን ነክሼ ነው ያለሁት" አለች።

እውነቷን ነበር። ተኝታ ጥርሷን ስታፋጭ ከግድግዳው ማዶ እሰማታለሁ። አንድ ቀን አፏን ከፍቼ ባየው የመንጋጋ ጥርሶቿ ጠፍጣፋ ሆነዋል። ተኝታ የምትነክሰው መከላከያ ሠራሁላት። እሱንም በላችው፤ ሌላ ሠራሁላት። እሷ ግን በየጠዋቱ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ሳቂታውም ደረጃ ላይ ሲያገኛት "እንዴት ነሽ የኔ እህት?" ይላታል። እኔ ብሆን በደረጃው ቁልቁል በለቀቅሁት።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ከዚያ የሙዚየሙ ዳይሬክተር፣ አንዲት የተከበሩ አሮጊት፣ ጡረታ ሊወጡ ነው ተባለ። የሚተካቸው ሳቂታው ነው፣ የቦርዱ አባላት መጥተው ሙዚየሙን ከጎበኙ በኋላ ይሾማል ተባለ። እትዬ ያን ቀን እራቷን አልበላችም።

"እሱ እላይ ከተቀመጠ ያ መሳቢያ ለኔ ተዘጋ ማለት ነው" አለችኝ። "ሰባሪ እንደተባልኩ ልሞት ነው፣ ሚጣ።"

እንዲህ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ግን ምን ላድርግ?

አሁን የምነግራችሁን እኔ ራሴ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር። ጉብኝቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት፣ የክሊኒኩ ዶክተር "ነይ ቀለም ለዪልኝ" ብላ ጠራችኝ። ተተኪው ጥርስ ከሰውየው ጥርስ ቀለም ጋር እንዲመሳሰል እኔ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ጭንብሌን አድርጌ ገባሁ። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ አፉን በርግዶ የተኛው ሳቂታው ነው! 

አላወቀኝም። ጎንበስ ብዬ አየሁት። በታችኛው መንጋጋ፣ በቀኝ በኩል፣ ወደ ኋላ፣ ሁለት ጥርስ የለም፤ ቦታው ባዶ ነው። ሲስቅ እስከዚያ ድረስ አይታይም። ከላይ ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ወርዷል፣ ጥጉም ተሸርፏል። ዶክተሯ ክፍተቱን በብሪጅ ልትሞላለት ነው፤ ብሪጅ ማለት በግራና በቀኝ ባሉት ጥርሶች ላይ የሚደገፍ ተተኪ ጥርስ ነው።

"ይሄ የላይኛው ምን ነክሰውበት ነው የተሸረፈው?" አለችው ዶክተሯ።

ከንፈሩ በመርፌ ደንዝዞ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ እንኳን አፉ አላረፈም። "የአያቴን ጥርስ ነዋ፣ ዶክተር!"

"ምን አሉኝ?"

"የአያቴን ጥርስ! እንግዳ መጥቶብኝ ላስቀው ብዬ እዚህ ክፍተት ላይ አደረግሁት። 'አየህ፣ ልኬ ነው!' አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ቀጭ! ጥጉን ሰብሬ ዋጥኩት።"

"ውይ!" አለች ዶክተሯ ከልቧ አዝና። "አያትዎ ሰው ሰራሽ ጥርስ ነበራቸው? ከምን የተሠራ?"

"ከድንጋይ!" አለና ተንከተከተ።

ዶክተሯ "አይ የድሮ ሰው፣ በምኑ ይበላ ኖሯል" እያለች መርፌዋን አስቀመጠች። እኔ ግን የቀለም መለያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እንግዳ ለማሳቅ! ሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ የኖረውን ጥርስ አፉ ውስጥ ከትቶ፣ ነክሶ፣ ውጦ፣ ከዚያ በእህቴ አላከከ። እዚያው ጉሮሮውን ብይዘው በወደድኩ። ግን "ቀለሙን ለይቻለሁ" ብዬ ወጣሁ። ዶክተሯ የላይና የታች መንጋጋውን ልክ ወስዳ ሰጠችኝ። ሁለት ጊዜ ጀሶ አፈሰስኩበት። አንዱን ለሥራዬ፣ ሁለተኛውን ለእህቴ። የበሽተኛን አፍ አውጥቶ ማሳየት በሙያችን ነውር እንደሆነ አላጣሁትም፤ አውቄ ነው ያደረግሁት።

ቤት ገብቼ የጀሶውን መንጋጋ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። 

"ዋጥኩት አለ?" አለች ስጨርስ።

"ዋጥኩት አለ።"

ተነስታ ሄዳ እጇን ታጠበች። ቆይታ ቆይታ ታጠበች። እኔ ደግሞ አፌ አላርፍ ብሎ፣ "መላ አግኝቻለሁ!" አልኩ። "ብሪጁን የፀጉር ስንጣቂ ታህል ከፍ አድርጌ ልሥራለት። ማንም አያየውም። ባኘከ ቁጥር ጆሮው ስር ይወጋዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ሐኪም ሁሉ ቢያየው መድኃኒት አያገኝለትም። ዕድሜ ልኩን ይሰቃይ!"

"አይሆንም።"

"ለሱ ነው ደግሞ ያዘንሽው?"

"ማዘን?" ፊቷን አይቼ ወደ ኋላ አልኩ። "አንቺ ጥርሱን ካበላሸሽበት ተበዳዩ እሱ ይሆናል። እያለቀሰ ያመካኝብናል። እንከን የሌለው ብሪጅ ሥሪለት። የሚጠለልበት ጥላ እንዲኖረው አልፈልግም።"

በማግስቱ የዚያን የተሰበረ ጥርስ ቅጂ ከአዳራሹ በመሐረብ ጠቅልላ አመጣችው። እኛ ላይና ታች መንጋጋውን የምናገናኝበት ማጠፊያ ብረት አለ፤ የሳቂታውን መንጋጋ በሱ ገጠምኩላት። ቅጂውን ክፍተቱ ላይ አስቀምጣ ዘጋችው። ቀጭ አለ። የላይኛው ጥርስ ሽራፊና የጥንቱ ጥርስ ስብራት ፊት ለፊት ተገናኝተው ገጠሙ። ከፈተችው፣ ዘጋችው። እንደገና ከፈተችው፣ ዘጋችው። እኔ እራቱን ሠርቼ እስክጨርስ ድረስ ያንኑ ስታደርግ ነበር።

የጉብኝቱ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ቲኬት ቆርጬ እንደ ማንም ጎብኚ ከአዳራሹ ጥግ ቆምኩ። እትዬ መደዳው መጨረሻ ላይ የነበረውን "የዛሬ ሰው" የሚለውን መንጋጋ አንስታ የሳቂታውን ተክታበታለች። ማንም አላስተዋለም፤ ጀሶ ሁሉ ነጭ ነው።

ሳቂታው የቦርዱን አባላትና አሮጊቷን ዳይሬክተር እየመራ ደረሰ። የእህቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ "አሁን ደግሞ እህታችን በአጭሩ ታስረዳናለች" አለ።

"በደስታ" አለች። "እስካሁን ያያችኋቸው ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ጥርስ ምን እንደሚናገር ግን ለማሳየት በሕይወት ያለ ሰው ይሻላል።" መንጋጋውን አነሳች። "ይሄ ሰው ጎልማሳ ነው። የሚያኝከው በግራ ነው፤ ግራው ተፍቋል። በቀኝ ሁለት የመንጋጋ ጥርስ የለውም። ሲስቅ ግን አይታይበትም፤ ሳቅ ደግሞ ያበዛል።"

እንግዶቹ ሳቁ። ሳቂታው ከሁሉም በላይ ሳቀ።

"ከላይ ይሄኛው ጥርስ ተሸርፏል። ምግብ እንዲህ አድርጎ አይሸርፍም። ጠጣር ነገር ነክሷል። ምን እንደነከሰ ላሳያችሁ?"

"እንዴታ!" አለ አንዱ የቦርድ አባል።

እህቴ መስታወቱን ከፍታ የተሰበረውን ጥርስ ቅጂ አወጣች። ክፍተቱ ላይ አስቀመጠችው። መንጋጋውን ዘጋችው። ያ ድምፅ እስከ ቆምኩበት ጥግ ተሰማኝ።

አሮጊቷ ዳይሬክተር መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። ራሳቸው ተቀብለው ከፈቱት፣ ዘጉት። "ይሄ የተሰበረብን ጥርስ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"መንጋጋውስ የማን ነው?"

"አጠገብዎ ቆመዋል፤ ይጠይቋቸው" አለች እህቴ።

ሁሉም ዞሮ አየው። "ኧረ እባካችሁ!" አለ ሳቂታው። "ጨዋታ ነው እኮ። ጀሶ ነው፣ የማንም መንጋጋ ሊሆን ይችላል።"

"እንግዲያው አፍዎን ይክፈቱና ይታይ" አለችው እህቴ።

 ሰውየው ከንፈሩን ገጠመ። ዓይኑ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ አለቃው ሄደ።

"ይክፈቱ እንጂ" አሉ ዳይሬክተሯ።

"ክቡርነትዎ፣ ጨዋ ሰው በአደባባይ እንዲህ አይጠየቅም" አለ፣ እጁን አፉ ላይ እንዳደረገ።

እኔ አላስቻለኝም። ዝም በይ ብላኝ ነበር፤ ከየት ላምጣው ዝምታውን? "የአያቴ ጥርስ ልኬ ነው ብለው የለም እንዴ!" ብዬ ጮህኩ። "ጥጉን ሰብሬ ዋጥኩት ያሉት እርስዎ አይደሉም? ዶክተሯ ትጠራና ትመስክር!"

ዞሮ አየኝ። ድምፄን ከየት እንደሚያውቀው ሲገባው ፊቱ አመድ ሆነ። የጎብኚዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። "ቀልድ ነበር" አለ ለራሱ። "ቀልድ ነበር እኮ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አያስወራም። ሹመቱ ቀረ። ከኃላፊነትም አነሱትና ከከተማ ውጭ ያለ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አደረጉት። ዳይሬክተሯ እህቴን ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቋት፣ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ አዘዙ። እኔን ደግሞ ዶክተሯ "የበሽተኛ አፍ የታመነ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ አንቺን አላምንም" ብላ አባረረችኝ። ልክ ናት፤ አልተከራከርኩም። ሳቂታው ብሪጁን ሊወስድ አልመጣም። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ያማረ ነበር።

ጥርሱን በተመለከተ ባለሙያዎች ተሰብስበው መከሩ። ማን እንደሰበረው ታወቀ፤ ከሳቂታው ምድብም ወጣ። ጉብታው ነበረ ለማለት ግን የአንድ ሰው ስዕል አይበቃም አሉ። "ዘሩ ያልተለየ" ተባለ። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ከለከለችኝ። "እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው" አለች። ያን ቀን ግን ስትሄድ እያነከሰች ነበር፣ የሆነ ነገር የወደቀባት ይመስል።

ዕቃዋን ወደ ጥርስ ክፍሉ ስታወጣ ሥራ ፈት ስለሆንኩ እኔው አገዝኳት። ካርቶኑን አስቀምጬ ቀና ስል ሳቂታው በሩ ላይ ቆሟል። ከስቷል፣ ሸሚዙ አልተተኮሰም። ገባና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ይሄዳል ስል አልሄደም።

"ይቅር በይኝ" አለ። "ፈርቼ ነው። ከዋጥኩት በኋላ ምን ላድርግ? ማን ፊት ልቁም? ፈራሁና ባንቺ አላከክሁ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ።"

እህቴ ቁልፉን ወደ ራሷ ሳበችው።

"ሁሉንም አጥቻለሁ። ልጆቼ እንኳን ቀና ብለው አያዩኝም። ስምሽ ተመልሶልሻል፤ እባክሽ፣ አንዲት ቃል ብቻ፣ ይቅር በይኝ።" እንባው ወረደ። የወንበሩን መደገፊያ ያዘ።

ስረግመው የኖርኩት እኔ፣ ዕድሜ ልኩን ይሰቃይ ያልኩት እኔ፣ ሆዴ ባባ። "እትዬ..." አልኩ።

አልሰማችኝም። መሳቢያውን ከፍታ ጥርሱን መዳፏ ላይ አደረገች፣ እውነተኛውን፣ ያንን ጠቆር ያለውን።

"ስሜ ተመልሷል" አለችው። "ጉብታውስ? ነበረ ብዬ ብምል ማን ያየዋል? ከዚህ በኋላ ስንት ዘመን ቢቆፈር ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። ይሄ ፍጡር እናት ነበረው። ልጆች ነበሩት። ከዘሩ ሁሉ እኛ ዘንድ የደረሰች ያቺ አንዲት ምልክት ነበረች። አንተ ለሳቅ ብለህ ዋጥካት። አንድ ዘር ነው የዋጥከው።"

"አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት..."

"አልልህም" አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ይቅር አልልህም። ዛሬም አልልህም፣ አልጋ ላይ ወድቀህ ብትልክብኝም አልልህም። ሂድ።"

ሄደ። ኮሪደሩ ላይ እግሩን ሲጎትት ይሰማኝ ነበር። እኔ ቆሜ እህቴን አያታለሁ፤ አብሬያት ያደግሁትን ሴት ገና ማወቄ ነበር፣ ፈራኋት። እሷ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ወንበሯን ሳበች።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ?" አለች ቀና ሳትል። "በሩን ዝጊው፤ አቧራ ይገባል።"